ያገለገለ ላንድክሩዘር ሲገዛ ሻንሲው ይቅደም

ለእርሻ ሥራ ያገለገለ ላንድክሩዘር የሚገዛ ሹም፥ ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በቀለሙና በወንበሩ ልብስ ላይ ነው። ይህ ልማድ ገንዘብ ያባክናል፤ ቀለም በጥቂት ቀን ይታደሳልና። የዚህ ዓይነት መኪና ግን እንደ ጭነት መኪና አካሉ በሻንሲ ላይ ለብቻው የተቀመጠ ስለ ሆነ፥ ዕድሜው የሚለካው በሻንሲው ነው።

ስለዚህ ገዢው ከውል አስቀድሞ መኪናውን አስነሥቶ ከሥሩ ይመልከት። በኋላ ባሌስትራው መያዣ ዘንድ ሻንሲው የተሰነጠቀ ወይም በብየዳ የተጠገነ እንደ ሆነ፥ ሻጩ ዋጋውን በእኩሌታ ቢቀንስ እንኳ ይተወው። ከሥሩ አዲስ ጥቁር ቀለም ቢያይ በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርገው፤ ዝገት የበላው ብረት ድምፁ ይደፈናል። በክረምት ጭቃ ውስጥ ሻንሲው ተሰብሮ ቢቆም፥ በበረዶ የተጫነው የከብት ክትባት ሞቆ ይበላሻል፤ ጉዳቱም የባላገሩ ነው።

ሞተሩ በቀዝቃዛነቱ ይነሣ፤ አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ አያስተማምንም። በፈረንጆች ቁጥር ከ1990 ጀምሮ በባለ 70ው ላንድክሩዘር የገባው ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ብርቱ ነው፤ ነገር ግን የታይሚንግ ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይለወጥ ቀርቶ የተበጠሰ እንደ ሆነ ቫልቩን ከፒስተኑ ያጋጫል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውስ? እርሱን ወደ ኋላ የሚመልስ እጅ አይጠፋም፤ የፍሬን ፔዳሉ መበላት ከእርሱ ይልቅ ይታመናል።

በመጨረሻም በሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ይተያይ፤ ፊደሉ የተፋቀ ወይም የተዛነፈ ቢሆን ክፍያው ይቁም።