ዱንጉዛ በአውሮፕላን ወንበር ላይ

በጊፋታ በዓል ሰሞን ወላይታ ሶዶን የረገጠ ሰው የዱንጉዛን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ሳያይ አይመለስም። ሸማው ከበዓል ልብስነት አልፎ ቦርሳና የትራስ ልብስ እየሆነ ሲመጣ ብዙዎቻችን አንድ ነገር መመኘታችን አልቀረም፤ በአየር መንገዳችን ወንበርና ብርድ ልብስ ላይ ብናየውስ? ምኞቱ የእኔም ነው። ይሁንና በዚህ ጉዳይ ከውበትም ከባህልም የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ጨርቁ እሳት ሲነካው ምን ይሆናል? ለዚህ መልስ ሳይዝ የአየር መንገድን በር የሚያንኳኳ ሸማኔም ሆነ ነጋዴ ባዶ እጁን ቢመለስ ሊከፋ አይገባም።

ጥብቅነቱ የመጣው ከሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 1973 የብራዚሉ ቫሪግ አየር መንገድ አውሮፕላን ፓሪስ ሊያርፍ ሲል ከኋላ መጸዳጃ ቤቱ እሳት ተነሳ። አብራሪዎቹ ማሳ ላይ ቢያሳርፉትም ከ134 ሰዎች 123ቱ አለቁ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ጭሱ ነበር። በ1983 ደግሞ የኤር ካናዳ አውሮፕላን በእሳት ተይዞ ሲንሲናቲ በሰላም አረፈ፣ በሮቹም ተከፈቱ። ግን ንጹሕ አየር በገባ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ የመንገደኞቹ ክፍል በሙሉ ነበልባል ሆነ። ከ46 ሰዎች 23ቱ መውጣት አልቻሉም።

የዚያን ዘመን ወንበር ሆድ ዕቃ እኛ ፍራሽ የምንሠራበት ዓይነት ስፖንጅ ነበር። ስፖንጅ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ ያወጣል፤ ሰው በጥቂት ትንፋሽ ራሱን ይስታል። ስለዚህ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ1984 የወንበር ስፖንጅ እሳት በሚከላከል ሽፋን እንዲጠቀለል ደነገገ፤ አየር መንገዶችም እስከ 1987 መጨረሻ ግድም እንዲያሟሉ ታዘዙ። ሽፋኑ ስፖንጁን ለዘላለም አያድነውም። የሚሰጠው ሰከንዶችን ነው። አንድ አውሮፕላን ከነሙሉ መንገደኞቹ በ90 ሰከንድ ውስጥ ባዶ መሆን እንደሚችል ማሳየት ስላለበት፣ እዚያ ውስጥ ሰከንድ ማለት ነፍስ ነው።

ፈተናው ምን እንደሚመስል ላሳይ። ከጨርቁ የተቆረጠ ቁራጭ ነፋስ በማይገባው ሣጥን ውስጥ ቁልቁል ይሰቀላል። ከታችኛው ጫፉ የጋዝ ነበልባል ለ12 ሰከንድ ይያዝበትና ይነሳል። ከዚያ በኋላ ጨርቁ በራሱ ሊነድ የሚፈቀድለት ቢበዛ 15 ሰከንድ ነው፤ የተቃጠለውም ርዝመት ከ20 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። ሙሉው የወንበር ትራስ ደግሞ በኃይለኛ የነዳጅ ነበልባል ሁለት ደቂቃ ተለብልቦ ከክብደቱ ከአሥር በመቶ በላይ ማጣት የለበትም።

ንጹሕ ጥጥ ይህን ፈተና ሳይታከም አያልፍም። እሳት ቶሎ ይይዘዋል፣ እስኪያልቅም ይነዳል፤ ዘርፉና ለስላሳው ጠርዝ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይቀጣጠላል። አየር መንገዶች ለረጅም ዘመን ሱፍ የመረጡት በቀላሉ ስለማይነድ ነው። ከጥጥ የባሰ ግን አለ፤ ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ሸማ። ፖሊስተር ብቻውን ሲሆን ቀልጦ ከነበልባሉ ይሸሻል። ከጥጥ ጋር ሲሆን ግን የከሰለው ጥጥ የቀለጠውን ይዞ እንደ ኩራዝ ክር ያነደዋል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ባለ ቀለም ክር ሁሉ ጥጥ ስላልሆነ፣ ሸማኔው የሚሸምነው ክር ከምን እንደተሠራ ማወቅ አለበት።

መፍትሔ አለ። ጥጥ በፎስፈረስ ውሕዶች ታክሞ ነበልባልን እንዲቋቋም ማድረግ ከተጀመረ ዘመናት ተቆጥረዋል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው እጥበት ነው፤ አንዳንዱ ሕክምና በታጠበ ቁጥር እየለቀቀ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት ዋነኛው፣ ወጥነት ነው። ፈተናው የሚያጸድቀው አንድን የታወቀ ጨርቅ ነው፤ ክሩ፣ ክብደቱና ቀለሙ ከተቀየረ ሌላ ጨርቅ ሆነ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሸማኔ ከየሱቁ ያገኘውን ክር ገዝቶ የሚሠራ ከሆነ፣ የእጁ ጥበብ የቱንም ያህል ቢያምር የምስክር ወረቀት ሊያገኝ አይችልም።

ጨርቅ ብቻውን ሁሉን አያድንም፤ ይህን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ አይቶታል። «ንግሥተ ሳባ» የተሰኘችው ድሪምላይነር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 ሎንዶን ሂትሮ ሰው ሳይኖርባት ቆማ ሳለ ከጅራቷ አጠገብ ጣሪያዋ ነደደ። መነሻው የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው ሊቲየም ባትሪ ነበር። ዛሬ ሌላ ዓይነት የሊቲየም ባትሪ በብዙዎቻችን ቦርሳ ውስጥ በፓወር ባንክ መልክ ይሳፈራል። እሳት አውሮፕላን ውስጥ አይነሳም ብሎ መተማመን ስለማይቻል ነው፣ ከተነሳ በኋላ የሚያገኘው ጨርቅ የማይመግበው እንዲሆን የሚደረገው። ለመውጫ ጊዜ ከተገኘ ሰው ይተርፋል፤ በጥር 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ከተቃጠለው የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን 379ኙም ተሳፋሪዎቹና ሠራተኞቹ በሕይወት ወጥተዋል።

መንገደኛው የሚለብሰውን ግን ማንም አይፈትንም። ከሶዶ ተነስታ በቦሌ በኩል ወደ ዓረብ አገር ለምትሄድ እህታችን የምለው አለኝ፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ስስ የናይለን ልብስ ትተሽ እጅጌው ረጅም የጥጥ ልብስና ሽፍን ጫማ አድርጊ። ጥጥ ቢነድም እንደ ናይለን ቀልጦ ሥጋ ላይ አይለጠፍም።

ወደ ዱንጉዛ ስመለስ፣ የወላይታ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ለዱንጉዛ ኤግዚቢሽን ከሚያወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ለፈተና ያውል። ሸማኔዎቹ በማኅበር ተደራጅተው አንድ ዓይነት ክር ከአንድ ምንጭ ይግዙ፤ ባሕር ዳር ያለው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሕክምናውን ያጥናላቸው፤ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም መስፈርቱን በሚገባቸው ቋንቋ ያስረዳቸው። በወንበር ባይጀመር በብርድ ልብስ ይጀመር። የመጀመሪያው ናሙና ቢወድቅ እንኳ የወደቀበት ምክንያት ተጽፎ ለሸማኔው ይድረሰው።