የሰማይ ጋሻ፦ የትኛው መሣሪያ ምንን ይጠብቃል?

ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት ከትግራይ የተተኮሱ ሮኬቶች በባሕር ዳርና በጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች አካባቢ ወደቁ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ባሕር ዳር እንደገና ዒላማ ሆነች። ጦርነት ግንባርን አልፎ፣ መቶዎች ኪሎ ሜትሮችን በደቂቃዎች አቋርጦ እንደሚመጣ የክልሉ ሕዝብ ያን ጊዜ በዓይኑ አየ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። አርሶ አደሩና የከተማው ነዋሪ ከጉርሱ ቀንሶ ቦንድ የገዛለት ይህ ግድብ ከአየር ጥቃት በምን ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ በቡሬም በፍኖተ ሰላምም ይነሣል።

ለጥያቄው መልስ ለማግኘት የመሣሪያዎቹን ስም መደርደር አይበቃም። አንድ የአየር መከላከያ የሚመዘነው ምንን፣ ከምን፣ በምን ያህል ዋጋ ይጠብቃል በሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ነው።

የአሠራሩ መሠረት

ማንኛውም የአየር መከላከያ ሥርዓት ሦስት ክፍሎች አሉት፤ የሚያይ ራዳር፣ የሚወስን የእዝ ማዕከልና የሚመታ ሚሳኤል ወይም መድፍ። ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቅ ሰው ሦስቱንም በራሱ አሟልቶ ይዟል፤ ዓይኑ ያያል፣ ልቡናው ይለያል፣ ወንጭፉ ይመታል። ድንበሩም ግልጽ ነው፤ የሚጠብቀው አንድ ማሳን እንጂ አጥቢያውን በሙሉ አይደለም። ድንጋዩን ሁሉ በአንዲት ወፍ ላይ ከጨረሰ፣ መንጋው ሲመጣ ባዶ እጁን ይቀራል።

ከሰማይ የሚመጣው አደጋም አንድ ዓይነት አይደለም። ባሊስቲክ ሚሳኤል ወደ ላይ ተተኩሶ በከፍተኛ ፍጥነት ይወርዳል፤ ክሩዝ ሚሳኤል መሬት ለመሬት ተጠግቶ ይበራል፤ ድሮን ደግሞ አዝጋሚና ርካሽ ቢሆንም በብዛት ሊላክ ይችላል። አንዱን በሚገባ የሚያከሽፍ መሣሪያ በሌላው ላይ ደካማ ሊሆን ይችላል።

አጭር፣ መካከለኛና ረዥም

በአጭር ርቀት ከሚታወቁት አንዱ የሩሲያው ፓንትሲር ኤስ-1 ነው። በተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ 12 ሚሳኤሎችና ባለ 30 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት፤ በሚሳኤሎቹ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የእስራኤሉ አይረን ዶም እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ከ4 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚተኮሱ ሮኬቶችን ያመክናል። ዋና ብልሃቱ ምርጫ ነው፤ ሮኬቱ የሚወድቅበትን ቦታ አስልቶ፣ ሰው ወደሌለበት ሜዳ የሚሄደውን ትቶ ያልፋል።

በረዥሙ ርቀት የአሜሪካው ፓትሪዮትና የሩሲያው ኤስ-400 ይገኛሉ። ኤስ-400 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ይመታል ቢባልም፣ ይህ አኃዝ የሚሠራው ከፍ ብሎ ለሚበር አውሮፕላን ነው። ምድር ክብ ስለሆነች፣ ራዳርም ከተራራ ጀርባ ማየት ስለማይችል፣ ዝቅ ብሎ የሚበር ድሮን የሚታየው እጅግ ከቀረበ በኋላ ነው። እንደ ጮቄ ያለ ተራራና እንደ ዓባይ ሸለቆ ያለ ጥልቅ ገደል ባለበት ምድር ይህ ቀላል እንቅፋት አይደለም።

ከእነዚህ በላይ የአሜሪካው ታድና የእስራኤሉ አሮው-3 አሉ። የሚያከሽፉት በከፍታ ላይ ያለን ባሊስቲክ ሚሳኤል ሲሆን፣ አሮው-3 ይህን የሚያደርገው ከከባቢ አየር ውጭ ነው። በዝቅታ ለሚበር ድሮን ግን አልተሠሩም። ስለዚህ አቅም ያላቸው አገሮች መከላከያቸውን አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ይሠራሉ።

የዋጋው ሒሳብ

እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2019 በሳዑዲ ዓረቢያ በአብቃይቅ የነዳጅ ማቀነባበሪያ ላይ ድሮኖችና ክሩዝ ሚሳኤሎች ደርሰው የአገሪቱን የነዳጅ ምርት ለጊዜው በግማሽ ያህል ቀነሱት። ሳዑዲ ፓትሪዮት ነበራት፤ አደጋው ግን የመጣው በዝቅታ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ኢራን ከ300 በላይ ድሮኖችና ሚሳኤሎች ስትተኩስ፣ እስራኤል 99 በመቶውን ማክሸፏን ገለጸች። ያን ያደረገችው ግን ብቻዋን አልነበረም፤ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ዮርዳኖስ ተባብረዋል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 1 ቀን ወደ 200 የሚጠጉ ባሊስቲክ ሚሳኤሎች በተተኮሱ ጊዜ፣ ከፊሎቹ ጋሻውን አልፈው የኔቫቲም አየር ኃይል ሰፈር ላይ ወደቁ።

አንድ አዲስ የፓትሪዮት ሚሳኤል ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል፤ በኢራን የተሠራው ሻሄድ ድሮን ግን በዐሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይገመታል። ርካሹን በውድ የሚመልስ ወገን፣ እያንዳንዱን ቢያከሽፍ እንኳ በሒሳቡ ሊሸነፍ ይችላል።

ግድቡና ጋሻው

ኢትዮጵያ ከደርግ ዘመን የቆዩ የሶቪየት ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤሎች ያሏት ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ፓንትሲር ኤስ-1ን ታጥቃለች። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ዶናልድ ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው ትችላለች ሲሉ፣ ኢትዮጵያ የአሜሪካን አምባሳደር ጠርታ ማብራሪያ ጠየቀች። ከዚያ ቀደም ብሎም የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ከግድቡ በላይ በረራን ከልክሎ ነበር። ክልከላው ለመከላከያው ጠቃሚ ነው፤ ባዶ መሆን በሚገባው ሰማይ ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ አጠራጣሪ ነውና።

ግድቡ ከቡሬ በአየር መስመር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአጠገቡ የሚቆም የ20 ኪሎ ሜትር መሣሪያ ግድቡን ይጠብቅ ይሆናል እንጂ ቡሬን አይደርስላትም። የማማው ጠባቂ ምሳሌ እዚህ ላይ ይሠራል።

የግድቡ ጋሻ ግን ሚሳኤል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1943 የብሪታንያ አውሮፕላኖች በጀርመን የሞኔንና የኤደርን ግድቦች ሰብረው ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች በጎርፍ አለቁ። እ.ኤ.አ. በ1977 የጸደቀው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 56 ግድቦችን ከጥቃት የጠበቀው እንዲህ ያለው እልቂት እንዳይደገም ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ የሚይዘው የሕዳሴ ግድብ ቢሰበር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው የሱዳን ሕዝብ ነው። ይህ እውነት ራሱ አጥቂን የሚያስቆም ትልቅ መከላከያ ነው።

ለከተማውና ለገጠሩ ምን ይቀራል?

ለምዕራብ ጎጃም ሰው የሰማይ ሥጋት የውጭ ጠላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቆየም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በድሮን ተፈጸመ በተባለ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናግረዋል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን በተፈጸሙ ጥቃቶች ሲቪሎች መጎዳታቸውን የሚያመለክቱ ተአማኒ መረጃዎች እንደደረሱት አሳውቋል። እንዲህ ላለው ሥጋት ፓትሪዮትም ኤስ-400ም መልስ አይሆኑም። መልሱ ተዋጊ ወገኖች ሁሉ ሰላማዊ ሰውን ከታጣቂ እንዲለዩ የሚያስገድደው ሕግ፣ ተጠያቂነትና ከሁሉ በላይ ሰላም ነው።

ከውጭ ለሚመጣውም ቢሆን፣ ከጋሻው ሁሉ ርካሹና ብዙ ሰው የሚያድነው ክፍል ማስጠንቀቂያ ነው። በእስራኤል የሰው ጉዳት እንዲቀንስ ያደረገው ሚሳኤል ብቻ ሳይሆን፣ ቀድሞ የሚጮኸው ሳይረንና መጠለያው ነው። በእኛ አካባቢ ሳይረኑን ሊተካ የሚችለው ራዲዮና የእጅ ስልክ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ክልል፣ ግንኙነት አለመቋረጡ ራሱ የሕዝብ ደኅንነት ጉዳይ መሆኑ ሊጤን ይገባል። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣው ሚሳኤል የሚጠብቀው አንድ ቦታ ነው፤ በጊዜ የደረሰ ቃል ግን ከፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እስከ ሩቁ ቀበሌ ይዳረሳል።