ተከሳሹ ቤት ራሱ ዳኛ ሲሆን

ላሪ ናሳር የአሜሪካ ብሔራዊ የጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም፣ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲም ባልደረባ ነበር። በሕክምና ስም የልጃገረዶችን ክብር ሲደፍር ብዙ ዓመት ኖሮ፣ በ2018 (ዘመኑን የምንጠራው በእነርሱ አቆጣጠር ነው) ከ150 በላይ የተበዳዮች ቃል በችሎት ከተሰማ በኋላ ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ስለ ሰውየው ብዙ ተብሏል። እኛን ተማሪዎችን ይልቁን የሚያሳስበን የዩኒቨርሲቲው ነገር ነው። በ2014 ከዚያው የተመረቀች አንዲት ወጣት አቤቱታ አቅርባ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ጉዳዩን ራሱ መረመረ፤ የተደረገው ሕክምና እንጂ ነውር አይደለም ብሎም ሐኪሙን ወደ ሥራው መለሰው። በ2015 የጂምናስቲክ ፌዴሬሽኑ ለፌዴራል የምርመራ ቢሮ ቢያመለክትም ቢሮው አንቀላፋበት። በ2016 ጋዜጣ ነገሩን አደባባይ እስኪያወጣው ድረስ የዚያ ሰው በር ለበሽተኞች ክፍት ነበር። በእነዚህ ሁለት ዓመታት በዚያ በር የገባችው እያንዳንዷ ልጅ በማን ዕዳ ትጻፍ?

በ2018 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በስፖርት ፌዴሬሽን ሥር ከልጆች ጋር የሚሠራ አዋቂ ሰው በልጅ ላይ ግፍ መፈጸሙን የሚያስጠረጥር ነገር ሲያውቅ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሕግ አስከባሪ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። አዋቂና ልጅ ሌላ ሰው ሊያያቸውና ሊያቋርጣቸው በማይችልበት ስፍራ ብቻቸውን እንዳይሆኑም ፌዴሬሽኖቹ ደንብ እንዲያወጡ አዝዟል።

ይህ ሕግ አሠልጣኝን ሁሉ ወንጀለኛ ያስመስላል የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ማስታወቅ መፍረድ አይደለምና፣ የተከሰሰው ሰው መብቱ በፍርድ ቤት ይጠበቅለታል። ቅን አሠልጣኝስ በሩን ቢከፍት ምን ይጎድልበታል? ሕጉ የነጠቀው የአሠልጣኙን ክብር ሳይሆን፣ የሜዳልያው ተካፋይ የሆነው መሥሪያ ቤት «እኛው እናጣራዋለን» የሚልበትን ሥልጣን ነው።

የምንነቅፈው አንድ ነገር አለ። በ2020 የወጣው ተጨማሪ ሕግ፣ እነዚህን ክሶች የሚያጣራው ሴፍስፖርት የተባለው ማእከል በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ዶላር ከኦሊምፒክ ኮሚቴው እንዲያገኝ ደንግጓል። እንግዲህ መርማሪው ቀለቡ የሚሰፈርለት ከሚመረመረው ቤት ነው ማለት ነው። ገንዘቡ በቀጥታ ከመንግሥት ግምጃ ቤት መውጣት ነበረበት እንላለን።