ሁባራን በየትኛው ወቅት እንጠብቅ?

ጸደይ ሲገባ በኡዝቤኪስታኑ የኪዚልኩም በረሃ የእስያ ሁባራ የምትባለው ወፍ ወንዱ ነጭ ላባውን በጭንቅላቱ ላይ ነስንሶ በቁጥቋጦዎች መካከል ይሮጣል። ሴት የሚጠራው እንዲህ ስለሆነ ከሩቅ የሚታይበት ገላጣ ሜዳ ይፈልጋል። ሴቷ ግን እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ጫር አድርጋ ነውና ከቀበሮ ዓይን የሚሰውራት ነገር ትሻለች። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ኢራንና ወደ ፓኪስታን ይወርዳሉ፤ ያኔ የሚፈልጉት መኖና ሰላም ነው።

ሁባራ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብላ ተመዝግባለች፤ ለጥበቃዋ ያለው ገንዘብና የሰው ኃይል ግን ውስን ነው። ቅድሚያው ለየትኛው ወቅት ይሰጥ?

መራቢያው ይቅደም የሚሉት ጠንካራ ምክንያት አላቸው። ሴቷ በአንድ ጊዜ የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 እንቁላል ነው፤ እሱንም የመኪና ጎማ ወይም የእረኛ ውሻ ሊያጠፋው ይችላል። ወንዶቹም በየዓመቱ ወደዚያው ሜዳ ስለሚመለሱ የትኛው ቦታ እንደሚከለል ይታወቃል።

የብርዱ ወራት ይቅደሙ የሚሉት ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ ጥቂት የምትወልድ ወፍ ዘሯ የሚቆየው አዋቂዎቹ ሲተርፉ ነው። አዋቂዋን በጉዞዋና በማረፊያዋ በጭልፊት የሚያድኑ ሰዎች፣ ወጥመድ የሚዘረጉ ነጋዴዎችና የኤሌክትሪክ ሽቦ አደጋ ላይ ይጥሏታል።

አደኑም ራሱ ያከራክራል። የፓኪስታን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 ከለከለው፤ በጥር 2016 ደግሞ ክልከላውን አነሳ። ደጋፊዎቹ በጭልፊት ማደን የባሕረ ሰላጤው አረቦች ጥንታዊ ባህል መሆኑን፣ ከአቡ ዳቢ በሚመጣ ገንዘብም ወፎች በማርቢያ ጣቢያ ተፈልፍለው ወደ በረሃው እንደሚለቀቁ ያነሳሉ። ይህ በቀላሉ የሚጣል መከራከሪያ አይደለም። ተቃዋሚዎች ግን የስደት ልማድ በዘር የሚወረስ በመሆኑ ከሌላ አካባቢ የመጣ ዘር ሲቀላቀል አቅጣጫው እንዳይዛባ ይሰጋሉ።

እኔ ሚዛኑ ወደ ብርዱ ወራት ያጋድላል እላለሁ፤ በሰላም የተፈለፈለ ጫጩት አድጎ ካልተመለሰ የመራቢያው ጥበቃ ከንቱ ድካም ይሆናልና። ቢሆንም የመራቢያውን ሜዳ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከመኪናና ከመንጋ ማራቅ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ይህም አብሮ ይሠራ። ከሁሉ በላይ ግን፣ በደቡብ የሚፈቀደው የአደን ኮታ በሰሜን በጸደይ በተቆጠሩት ወፎች ብዛት ይወሰን። ያን ጊዜ አዳኙም ስለ መራቢያው ሜዳ መጨነቅ ይጀምራል።