የማይቀንስ ክብደትና የታይሮይድ ዕጢ

በአገራችን ልማድ አንዲት ሴት ከወለደች ወይም ሥራ ከያዘች ወዲህ ሰውነቷ ሞላ ሲል «ተመችቷታል» ይባላል። ጎረቤት እንደ ምርቃት ይናገረዋል፤ ዘመድም ደስ ይለዋል። ጥቂት ዓመታት አልፈው ክብደቱ ሲበዛ ግን ያው አፍ «እስቲ ምግብ ቀንሺ፤ ትንሽ ተንቀሳቀሺ» ማለት ይጀምራል። ምክሩ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ለብዙዎችም ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ምግቧን ቀንሳ፣ በእግሯ ተጉዛ፣ ጠዋት ማታ ደክማ ሚዛኑ አልወርድ የሚላት እኅት መኖሯን ብዙዎቻችን አናስተውልም። በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው የእንዲህ ዓይነቷን እኅት ችግር በተመለከተ ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ የሦስት ልጆች እናት እንውሰድ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተነሥታ ልጆቿን ለትምህርት ቤት ታዘጋጃለች። ማታ ከሥራ ስትመለስ ታክሲውን ትታ በእግሯ ትመጣለች። እራት ከተወች ሦስት ወር ሆኗታል፤ ጣፋጭ ነገርም አትቀምስም። ነገር ግን ክብደቷ መቀነሱ ቀርቶ ሁለት ኪሎ ጨምሯል። ከዚህም ጋር በሚያዝያ ፀሐይ ሌላው ሰው ሹራቡን ሲያወልቅ እርሷን ይበርዳታል። ቆዳዋ ደርቋል፤ ፀጉሯ በማበጠሪያው ተነቅሎ ይወጣል፤ ሆዷ ይደርቃል፤ የወር አበባዋ በዝቷል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝታም ያረፈች አይመስላትም። እርሷ ሁሉንም «የኑሮ ድካም ነው» ብላ አልፋዋለች። ባለቤቷ ደግሞ «ተደብቀሽ የምትበይው ነገር አለ» እያለ ይቀልዳል። እርሱ ቀልድ ቢለውም እርሷን ያቆስላታል።

እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ መመርመር የሚገባው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ነው።

ዕጢው ምን ይሠራል?

ታይሮይድ ከአንገታችን በፊት በኩል፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ትንሽ ዕጢ ነው። ሲያብጥ እንቅርት የምንለው ይህንኑ ነው። ዕጢው ከምግብና ከጨው የምናገኘውን አዮዲን ተጠቅሞ ሆርሞን ያመርታል። ይህም ሆርሞን በደም አማካይነት ወደ መላው ሰውነት እየደረሰ ልብ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፣ አንጀት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ሰውነት ምን ያህል ሙቀት እንደሚያመነጭና የበላነውን ምግብ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያቃጥል ይወስናል።

ሆርሞኑ ሲያንስ ሁሉም ሥራ ይዘገያል። ሰውነት ቁጭ ባለበት የሚያቃጥለው ኃይል ስለሚቀንስ፣ ትናንት በልክ የነበረው ምግብ ዛሬ ትርፍ ይሆናል። ከዚህም በላይ ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፊትና ዐይን አካባቢ ያባብጣል። በሌላ አነጋገር፣ ከላይ ያነሣናት እናት ሰነፍም ሆዳምም አይደለችም። ሰውነቷ የሚሠራበት ሂሳብ ተለውጦባታል።

ይህ ሕመም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። ከምክንያቶቹ አንዱ የአዮዲን እጥረት ነው። ሌላው የሰውነት የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን ዕጢ ሲያጠቃ የሚመጣው ነው፤ ይህንንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 በጽሑፍ የገለጸው ሐሺሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ስለሆነ ሕመሙ በስሙ ይጠራል። ከወሊድ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የሚነሣ የዕጢው መቆጣትም አለ። አንዳንዱ በራሱ ጊዜ ይድናል፤ አንዳንዱ ግን ይቆያል። አራስ የነበረች ሴት ድካሟና ውፍረቷ ሁሉ በልጁ የሚመካኘው ስለዚህ ነው።

ምርመራው

ምርመራው የደም ምርመራ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው ቲ.ኤስ.ኤች. የሚባለው ነው። ይህ ሆርሞን የሚመነጨው ከጭንቅላት ሥር ካለ ሌላ ዕጢ ሲሆን፣ ሥራውም እንደ አለቃ ታይሮይድን «ሥራ!» እያለ ማዘዝ ነው። ታይሮይድ ሲደክም አለቃው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የቲ.ኤስ.ኤች. መጠን ከፍ ብሎ ከተገኘ የታይሮይድ ሥራ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ብዙ ሰዎች ውጤቱን ገልብጠው ስለሚረዱት ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ከዚያ ቀጥሎ ቲ-4 የተባለው ይታያል። ቲ.ኤስ.ኤች. በጥቂቱ ከፍ ብሎ ቲ-4 ደኅና ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒት ሳያዝ ቆይቶ እንደገና ሊለካው ይችላል።

አንገት ማበጡ ብቻውን ሆርሞኑ ማነሱን አያረጋግጥም፤ አንገቷ ያላበጠ ሴትም ሆርሞኗ ሊያንስ ይችላል። ስለሆነም በዐይን አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ሕክምናው ከምን ተነሣ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በዚህ ሕመም ክፉኛ የተጎዳች የ46 ዓመት ሴት ከበግ ታይሮይድ በተዘጋጀ መድኃኒት አከመ። ሴትዮዋም ድና ሕክምናውን ሳታቋርጥ 28 ዓመት ኖረች። በ1914 ደግሞ ኬንዳል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ራሱን ሆርሞኑን ለይቶ አወጣ። ዛሬ የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን የተባለ እንክብል ዕጢው ያጎደለውን ይኸንኑ ሆርሞን የሚተካ ነው። ብዙዎች ዕድሜ ልካቸውን ይወስዱታል።

አወሳሰዱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንክብሉ የሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ቤት ትልቁ ችግር ቡና ነው። ጠዋት እንክብሉን ውጦ ወዲያው ስኒ ማንሣት መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ቡናው ይቆይ፤ ጀበናው አይሸሽም። እንደዚሁም የደም ማነስ የብረት እንክብል፣ ካልሲየምና የጨጓራ ማስታገሻ ከዚህ መድኃኒት ቢያንስ 4 ሰዓት መራቅ አለባቸው። ነፍሰ ጡሮች የብረት እንክብል ስለሚታዘዝላቸው በተለይ ይህን ልብ ይበሉ።

የሚጾሙ እናቶች «ጾም ነው» ብለው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለባቸውም። ከእራት 3 ሰዓት ቆይቶ በመኝታ ሰዓት መውሰድ ስለሚቻል፣ የሁዳዴ ጾምም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መነጋገር ይበጃል።

መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በተለወጠ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ደም እንደገና ይለካል። ከዚያ በፊት «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ወይም በራስ ሥልጣን መጠኑን መጨመር ተገቢ አይደለም።

ክብደቱስ?

እዚህ ላይ ብዙ እኅቶች ቅር ይሰኛሉ። እንክብሉን መዋጥ ከጀመሩ በኋላ ክብደቱ ሁሉ እንደ በረዶ የሚቀልጥ ይመስላቸዋል። በሐኪሞች ዕውቀት መሠረት ከዚህ ሕመም ብቻ የሚመጣው ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ነው፤ የዚህም ብዙው ጨውና ውኃ ነው። አንዲት ሴት 15 ኪሎ ጨምራ ከሆነ የቀረው በሌላ ምክንያት የመጣ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ሆርሞኑ ሳይስተካከል የሚደረገው ትግል ውኃ በወንፊት እንደ መቅዳት ነው። ከተስተካከለ በኋላ ምግብ መመጠንና መንቀሳቀስ የሚገባቸውን ውጤት ያመጣሉ። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን መጀመሪያ ምርመራ ነው።

ምግብን በተመለከተ ራስን ማስራብ አይጠቅምም። እራት መተው ጡንቻን ያሳንሳል፤ ድካሙን ያብሳል፤ በማግሥቱም ያለ ልክ ያስበላል። ከዚህ ይልቅ ድስቱን እንመልከት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ወጥ ሲሠራ ዘይቱን ከጠርሙሱ በቀጥታ ከማፍሰስ በማንኪያ እየለኩ መጨመር ብቻውን ብዙ ይቀንሳል። የጾም ምግብ ቅባት የለውም ማለት ስሕተት ነው፤ በዘይት የዋኘ ሽሮ ከሥጋ ወጥ ያልተናነሰ ኃይል ሊኖረው ይችላል። ስኳርንም እንቁጠረው። በቀን ሦስት ስኒ ቡናና ሁለት ብርጭቆ ሻይ በሁለት በሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 10 ማንኪያ፣ ማለትም 40 ግራም ገደማ ስኳር ይወስዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። እንጀራውን ከፈል አድርጎ ጎመኑን፣ ምስሩንና ሰላጣውን ማብዛት ያጠግባል፤ ለሆድ ድርቀትም ይረዳል።

«ጥቅል ጎመን ለእንቅርት መጥፎ ነው» ሲባል የሰሙ አይደንግጡ። በስሎ በልክ ከተበላና አዮዲን ከተገኘ አያሰጋም።

እንቅስቃሴው በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። ሆርሞኑ ገና ያልተስተካከለለት ሰው ግን ልቡና ጡንቻው ስለሚደክም ከ10 ደቂቃ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይጨምር። ሚዛን ላይ በየቀኑ መውጣት ልብን ሊያደክም ይችላል፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ልብስ መመዘን ይበቃል።

አበክረን የምናሳስበው

አንደኛ፣ ዕጢያቸው ጤነኛ የሆኑ ሰዎች ለመክሳት ብለው ይህን መድኃኒት መውሰድ የለባቸውም። ከጎረቤት ተውሶ መዋጥም እንደዚሁ ነው። ከልክ ያለፈ ሆርሞን የልብ ምትን ያዛባል፤ አጥንትንም ያሳሳል።

ሁለተኛ፣ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያዛል። በገበያም ጨው ሲገዙ አዮዲን ያለው መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ። በቤት ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቀው ያስቀምጡት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት። ሆኖም አዮዲን ይጠቅማል ተብሎ ጨው ማብዛት ደም ግፊትን ይጋብዛል። አዮዲኑ ራሱ ሲበዛም ዕጢውን ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ ይህ ሕመም ያላት ሴት ስታረግዝ ሳትዘገይ ለሐኪም ትንገር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱ ይህን ሆርሞን የሚያገኘው ከእናቱ ነው፤ ጉድለቱም የልጁን አእምሮ ዕድገት ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ጊዜ የመድኃኒቱ መጠን ብዙውን ጊዜ መጨመር ያስፈልገዋል።

አራተኛ፣ የታይሮይድ ውጤት ደኅና ሆኖ የወር አበባ የሚዛባ፣ አገጭ ላይ ፀጉር የሚበቅል ከሆነ የእንቁልጢ ሆርሞን መዛባት ሊሆን ስለሚችል ይህም እንዲታይ ይጠይቁ። በእርግዝና መከላከያ መርፌ ላይ ያሉም ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ይጨምራልና።

በመጨረሻም አንድ ቃል ለባሎች፣ ለእናቶችና ለሥራ ባልደረቦች። በሰው ሰውነት ላይ የሚወረወር ቀልድ ማንንም አላከሳም። ብዙ ሴቶች በኀፍረት የተነሣ ሕመማቸውን ደብቀው ዓመታት ያሳልፋሉ። ባለቤትዎ ደከመኝ፣ በረደኝ ስትል «ሰነፍሽ» ከማለት ይልቅ አንድ ቀን ልጆቹን ይያዙላትና ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ቢቻል አብረዋት ይሂዱ። ማታም አብረው በእግር ይውጡ፤ ዘይት የቀነሰውን ወጥም አብረው ይብሉ።

እርስዎም እኅታችን፣ ከላይ የዘረዘርናቸው ምልክቶች ካሉብዎት ሌላ የአመጋገብ ሥርዓት ከመጀመርዎ በፊት የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ። ምልክቶቹን ከነጀመሩበት ወር በወረቀት ጽፈው ይዘው ይቅረቡ፤ ሐኪሙ ፊት ሲደርሱ የሚረሳ ነገር ይበዛልና።