ትራፊኩ መንጃ ፈቃዳችን ላይ ምን ያያል?

ፊሽካ ይነፋል። ሾፌሩ ጥግ ይይዛል። ትራፊኩ ሰላምታ ይሰጥና «መንጃ ፈቃድ!» ይላል። የአዲስ አበባ ሾፌር ይህችን ቃል ሲሰማ እጁ ወደ ኪሱ፣ ልቡ ወደ ጉሮሮው ይሄዳል። «ቅጣቱ ስንት ይሆን?» ብሎ ይጨነቃል እንጂ «ይሄ ሰውዬ ስለ እኔ ምን እያየ ነው?» የሚል አላጋጠመኝም። እኔ ዛሬ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ነገሩ ባለመኪናን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው አንባቢ ካለ ይታገሰኝ፤ እግረኛውም መታወቂያ አለው።

ድሮ ጉዳዩ ቀላል ነበር። ትራፊኩ የሚያየው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ነው፤ ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የፈቃዱ ደረጃ፣ የሚያበቃበት ቀን። ከዚያ ዓይኑን ወደ ቦሎውና ወደ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ይወረውራል፤ ሲብስበት ሊብሬ ይጠይቃል። ትራፊኩ የሚያነበውን ሾፌሩም አንብቦታል። ምስጢር ነበር ከተባለ፣ አንዳንዴ በፈቃዱ መሐል ታጥፋ የምትገባዋ ብር ናት፤ እርሷንም ቢሆን ሁለቱም ያውቋታል!

አሁን ግን ዘመኑ የቁጥር ሆኗል። ቁጥር ቁልፍ ነው፤ የትኛውን በር እንደሚከፍት ግን ካርዱ ላይ አልተጻፈም።

እስቲ ወገኖቻችን በብዛት ታክሲና ኡበር የሚነዱባትን አሜሪካን እንይ። እዚያ ፖሊሱ ፈቃዱን ተቀብሎ ወደ መኪናው ይመለስና ቁጥሩን በኮምፒውተር ያያል። ፈቃዱ የጸና ነው ወይስ የታገደ፣ ምን ዓይነት መኪና ያስነዳል፣ ሾፌሩ መነጽር የማድረግ ግዴታ አለበት ወይ፣ ይህ ሁሉ ይወጣል። ኤፍ.ቢ.አይ. እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በሚይዘው ብሔራዊ የወንጀል መረጃ ማዕከል በኩልም የመያዣ ትእዛዝ የወጣበት ሰው መሆኑንና መኪናው የተሰረቀ መሆኑን ያጣራል። የባንክ ሒሳቡና የሕክምና ካርዱ ግን እዚያ መዝገብ ውስጥ የሉም።

እዚያም ቢሆን መዝገብ ይዋሻል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ውሳኔ በሰጠበት አንድ ጉዳይ፣ አላባማ ውስጥ አንድ ሰው የተያዘው ከአምስት ወር በፊት በተሰረዘ የመያዣ ትእዛዝ ነበር። ትእዛዙ ቢሰረዝም ከኮምፒውተሩ አልወጣም። ሰውየው ሲፈተሽ ዕፅና ሽጉጥ ተገኘበት፤ ፍርድ ቤቱም 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ማስረጃው አይጣልም አለ። እሺ፣ ያ ሰው ጥፋተኛ ይሁን። ነገ በዚያው ስሕተት የሚታሰረው ንጹሕ ሰውስ? ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ፖሊስ አንዳች ጥርጣሬ ሳይኖረው፣ ፈቃድ ለማየት ብቻ እንዳሻው መኪና እየመረጠ ማስቆም እንደማይችል ወስኗል። ወደድነውም ጠላነውም፣ ክርክሩ በአደባባይ ነው፤ ሰው ድንበሩን ያውቀዋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥተዋል። ፋይዳ የጣት አሻራን፣ ዓይንንና ፊትን መዝግቦ ባለ12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ብሔርና ሃይማኖት አለመጠየቁ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ እውነቱን መናገር አለብን። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። እንግዲህ የወረቀት ችግር የለብንም! የሚያሳስበኝ ወረቀቱና መንገድ ዳሩ መራራቃቸው ነው። አንድ ሕግ በፊት ለፊት በር ያስገባውን መብት «ለጸጥታ ሲባል» የምትል ሐረግ በጓሮ በር ልታስወጣው ትችላለች።

ይህን የምለው በባዶ ሜዳ አይደለም። በቀበሌ መታወቂያችን ላይ ለዓመታት «ብሔር» የምትል መስመር ነበረች። ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 በየኬላው ሰው ለሞት የተለየው መታወቂያው ላይ በተጻፈች እንዲህ ያለች መስመር ነው። እኛም ዘንድ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በብዛት ሲታሰር፣ እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ገልጿል። ለዚህ ኮምፒውተር አላስፈለገም። በወረቀት እንዲህ ከሆነ፣ ስለ ሰውየው ሁሉን የሚያወጣ ቁጥር ሲመጣስ?

ጎበዝ! ትራፊኩ ዓይኑን ይጨፍን አላልኩም። በሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ አይሱዙ እንደ አውሮፕላን የሚያበረውን ይያዝልን እንጂ! ፈቃዱ እውነተኛ ነው? አልታገደም? መኪናው አልተሰረቀም? ይህንን ይይ፣ አበጀህ እንለዋለን። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ የት ተወለድክ፣ የማን ዘር ነህ፣ ለማን ስልክ ትደውላለህ፣ ባንክ ስንት አለህ የሚለው፣ ከመሪና ከፍሬን ጋር ምን አገናኘው?

ስለዚህ ጥያቄዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ ማየት የሚችለው መረጃ ዝርዝሩ ታትሞ ሕዝብ ይወቀው። ሁለተኛ፣ የአንድን ሰው መዝገብ የከፈተ ባለሥልጣን ሁሉ ማን እንደሆነ፣ መቼና ለምን እንደከፈተ ይመዝገብ፤ ለመንደር ጠብና ለቅናት የከፈተውም ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ዜጋ ስለ ራሱ የተጻፈውን አይቶ ስሕተቱን ያለ ደጅ ጥናት ያሳርም።

ይህንን መፍቀድ ሥልጣን የሚነቀንቅ ነገር የለውም፤ የሚደበቅ ነገር ከሌለ በስተቀር። ሁልጊዜ ለእኛ «ንጹሕ ከሆንክ ምን ያስፈራሃል?» ይሉናል። መልካም፤ መዝገቡን የያዙትም ንጹሕ ከሆኑ ማን ምን እንደሚያይ ቢነግሩን ምን ያስፈራቸዋል? ማሽኑ በየመንገዱ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ «አሁን ደንብ እናውጣለት» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሁን እላለሁ።

ቸር ይግጠመን!