ከምረቃው ማግስት የመተማ ቆላ ውሃ በማን ኪስ ይቆያል?

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ዝናብ የሚጥለው በዋናነት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም በጋ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ወንዙ ወደ ኩሬነት ሲለወጥ ሰውም ከብቱም ጉድጓድ ላይ ይከማቻል፤ ፓምፑም እረፍት ያጣል። የውሃ ተቋማት ብልሽት የሚበረታው፣ የጥገና ጥያቄም ወደ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት የሚጎርፈው በዚሁ ወቅት ነው።

በየዓመቱ በሚቀርቡ ሪፖርቶች ጎልቶ የሚታየው የተቆፈረው ጉድጓድና የተመረቀው ቦኖ ብዛት ነው። ከምረቃው በኋላ ጥገናው በማን ገንዘብና መቼ እንደሚሠራ ግን እንደ ግንባታው በጀት ተለይቶ አይታቀድም። ሸሕዲን ጨምሮ በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላማ ቀበሌዎች የውሃውን ዕድሜ የሚወስነው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ፖሊሲው ምን ይላል?

በ1991 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማንና የገጠርን ውሃ ለይቶ ያያል። የከተማ ተጠቃሚ በሂደት ሙሉ ወጪውን በታሪፍ እንዲመልስ፣ የገጠር ተጠቃሚ ደግሞ የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪውን እንዲሸፍን ያስቀምጣል። በ1994 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 268 የተቋቋመው የውሃ ሀብት ልማት ፈንድ ለከተሞች ገንዘብ በብድር ማቅረቡም ከዚሁ መርሕ የመነጨ ነው። ብድር የሚመለሰው ከቆጣሪ ገቢ በመሆኑ፣ ታሪፏን ለዓመታት ሳትከልስ የቆየች ከተማ ማስፋፊያ ለመበደር ትቸገራለች።

የገጠሩ ግንባታ በአብዛኛው የሚከናወነው በመንግሥት በጀትና በልማት አጋሮች ድጋፍ ነው። በ2006 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአንድ ቋት የውሃ፣ የሳኒቴሽንና የሃይጂን ፕሮግራም የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮችን አስተሳስሮ ገንዘቡ በክልልና በወረዳ የገንዘብ መዋቅር በኩል እንዲወርድ አድርጓል። ይህ ገንዘብ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ፓምፕ ያስተክላል። የዘበኛ ደመወዝና የየዓመቱ መለዋወጫ ግን የተጠቃሚው ድርሻ ነው።

በክልሉ ያለ ልምድ

የአማራ ክልል በዚህ ረገድ የሚማርበት የራሱ ልምድ አለው። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በ1987 ዓ.ም የተጀመረው የገጠር ውሃ ፕሮግራም ከጊዜ በኋላ የግንባታውን ገንዘብ ለማኅበረሰቡ በቀጥታ የማስተላለፍ አሠራር ዘርግቷል። የውሃ ኮሚቴው ማመልከቻ ያቀርባል፤ ወረዳው ይገመግማል፤ ገንዘቡም በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአሁኑ ፀደይ ባንክ፣ በኩል ለኮሚቴው ይደርሳል። ዕቃ የሚገዛውም ሆነ ግንበኛ የሚቀጥረው ኮሚቴው ነው። ነዋሪው ጉልበት፣ ድንጋይ፣ አሸዋና ጥሬ ገንዘብ ያዋጣል፤ ለጥገና የሚሆን ቁጠባም አስቀድሞ ይጀምራል። አሠራሩ በኮዋሽ ፕሮጀክት ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል።

የአሠራሩ ዋና ጥቅም ከግንባታ ወጪው በላይ ነው። ኮሚቴው ሲሚንቶና ፓምፕ ሲገዛ ዋጋ፣ ሻጭና ደረሰኝ ያውቃል። ከአምስት ዓመት በኋላ ፓምፑ ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት እንደሚገዛ አይጠፋውም። በኮንትራክተር ተሠርቶ ቁልፉ ብቻ የተሰጠው ኮሚቴ ግን ይህን የመማር ዕድል አያገኝም።

ቆላው የሚለይባቸው ነጥቦች

ይህ ልምድ ወደ መተማ ሲመጣ ማስተካከያ ይፈልጋል። አንደኛው ጉዳይ የተጠቃሚው ቁጥር ነው። የውሃ ተቋም የሚነደፈው በቋሚ ነዋሪ ልክ ነው። በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ግን ከደጋው እጅግ ብዙ ሠራተኛ ወደ እርሻው ይወርዳል። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ገብተው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፍረው ነበር። የሰዉ ቁጥር በጨመረ መጠን ፓምፑም ቶሎ ያረጃል፤ የጥገናው መዋጮ ግን በቋሚው አባወራ ላይ ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው ከብት ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር ነዋሪ መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። በበጋ ሙቀት አንድ የቀንድ ከብት በቀን ይህን ያህልና ከዚያም በላይ ይጠጣል። ስለዚህ አሥር ከብት ያለው አባወራ ከጉድጓዱ የሚወስደው ከብት ከሌለው ጎረቤቱ እጅግ ይበልጣል። መዋጮው በአባወራ እኩል ሲሆን ድሃው የባለ ከብቱን ውሃ ይከፍላል ማለት ነው።

ሦስተኛው የኃይል ምንጭ ነው። ወደ ሱዳን የሚዘልቀው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በዚሁ አካባቢ ቢያልፍም ከመስመሩ የራቁ ጥልቅ ጉድጓዶች ናፍጣ ወይም ፀሐይ ይፈልጋሉ። ናፍጣ ዕለታዊ ወጪ አለው። ፀሐይ ነዳጅ አትጠይቅም፤ ሆኖም ጠላቂ ፓምፑና መቆጣጠሪያው ከሰሌዳው ቀድመው ይበላሻሉ። ለእነዚህ መተኪያ ካልተቆጠበ በፀሐይ የሚሠራ ተቋምም መቆሙ አይቀርም።

የኮሚቴው ሒሳብ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ የእጅ ፓምፕ 60 አባወራ ያገለግላል እንበል። እያንዳንዱ በወር 20 ብር ቢያዋጣ በዓመት 14 ሺህ 400 ብር ይሰበሰባል። ለዘበኛ በወር 500 ብር ቢከፈል 6 ሺህ ብር ይወጣል፤ ለጥገና 8 ሺህ 400 ብር ይቀራል። ይህ መጠን በየዓመቱ የሚያልቁ የጎማ ክፍሎችን ለመለወጥ ይረዳ ይሆናል። ቧንቧና ዘንግ በሙሉ ለመቀየር ግን የብዙ ዓመት ቁጠባ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ፓምፕና መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገቡ ከዚያ በፊት የተቆረጠ መዋጮ ዛሬ ያንኑ ዕቃ አይገዛም።

የመሰብሰቢያው ጊዜም ያንኑ ያህል ወሳኝ ነው። የመተማ አርሶ አደር ገንዘብ የሚይዘው ሰሊጡ ተወቅቶ ሲሸጥ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በክረምት በየወሩ 20 ብር መጠየቅ ከባድ ቢሆንም የዓመቱን 240 ብር በሰሊጥ ሽያጭ ወቅት በአንድ ጊዜ መክፈል ይቀላል። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡ ከመጋቢት በፊት በእጅ ይገኛል፤ ፓምፑም ጭንቁ ሳይመጣ በጥር ይፈተሻል።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ወረዳው በየዓመቱ በታኅሣሥ የኮሚቴዎችን የባንክ ደብተርና የፓምፖችን ሁኔታ አብሮ ቢመረምር የትኛው ቀበሌ በሚያዝያ እንደሚቸገር አስቀድሞ ያውቃል። ቶሎ የሚያልቁ መለዋወጫዎች በሸሕዲ በክምችት ቢያዙ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ከጎንደር መጠበቅ አይኖርም። ለአዲስ ግንባታ ሲታቀድም የወቅቱ ሠራተኛና የከብቱ ቁጥር በንድፉ ውስጥ መግባት፣ የከብት መጠጫ ገንዳም ከሰው መቅጃ ተለይቶ መሠራት አለበት።

ሠራተኞቻቸው ከማኅበረሰቡ ጉድጓድ የሚቀዱላቸው ባለሀብቶች በሠራተኛ ብዛት፣ ባለ ከብቶች በከብት ቁጥር እንዲያዋጡ የኮሚቴው መተዳደሪያ ደንብ በግልጽ ሊያስቀምጥ ይገባል። ስደተኛ በሚያስተናግዱ ቀበሌዎችም የሚመጣው ድጋፍ ነባሩን ጉድጓድ መጠገንን እንዲጨምር ወረዳው አስቀድሞ መደራደር ይኖርበታል።

አርሶ አደሩ በበኩሉ ኮሚቴው የሰበሰበውንና ያወጣውን በዓመት ሁለት ጊዜ በጉባኤ እንዲያነብለት መጠየቅ መብቱ ነው። ሒሳቡን የሚሰማ ሰው መዋጮውን አይሰስትም። የት እንደገባ ያልታወቀ ገንዘብ ባለበት ቀበሌ ግን ቀድሞ የሚነጥፈው መዋጮው ነው፤ ቀጥሎ ፓምፑ ይቆማል።